አዲሱ ሴኮያ፦ አንዱ ሪቪው ሰማይ ያደርሰዋል፣ ሌላው ያጣጥለዋል፤ ማንን ልመን?

ጥያቄ ፦ የሦስት ልጆች እናት፣ ቨርጂኒያ

ጤና ይስጥልኝ። መኪና ልንቀይር ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሪቪው ሳነብ ዓይኔ ሊጠፋ ደረሰ።

ቤት ውስጥ ስድስት ነን። እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሦስት ልጆች (9፣ 6 እና 2 ዓመት) እና አማቴ። ሁለቱ ትንንሾቹ ገና ካር ሲት (የልጅ መኪና ወንበር) ላይ ናቸው። አማቴ ደግሞ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። እሁድ ቤተ ክርስቲያን አለ፣ በዓመት ሁለት ሦስቴ ዱለስ ኤርፖርት ሄዶ እንግዳ መቀበል አለ። ከአዲስ አበባ የሚመጣ እንግዳ እንዴት እንደሚመጣ ታውቃላችሁ። ለአንድ ሰው ሁለት ባለ 23 ኪሎ ሻንጣ፣ አንደኛው በርበሬና ሽሮ ብቻ።

ባለቤቴ ቶዮታ ካልሆነ መኪና አይመስለውም። ስለዚህ ለ2023 ከሥሩ ተቀይሮ የወጣውን ሴኮያ እያየን ነው፤ ያገለገለ፣ ብዙ ያልተነዳ። እኔ ግን በ2021 የተቀየረውን የሸቭሮሌት ታሆም አልጠላሁትም። ችግሩ ጸሐፊዎቹ አይስማሙም። አንዱ የሴኮያን ጉልበትና የነዳጅ ቁጠባ አወድሶ አይጠግብም። ሌላው ኋላው ለቤተሰብ አልታሰበበትም ይላል። የዕቃ ቦታው ጨመረ የሚል አለ፣ ቀነሰ የሚልም አለ። የሚያወሩት ስለ አንድ መኪና ነው?

ጀልባ የለንም። የምንጎትተው ነገርም የለንም። እባካችሁ የገባው ያስረዳኝ።


መልስ ፦ ቁጥር ወዳድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

እህቴ፣ ጨመረ ያለውም ቀነሰ ያለውም ልክ ነው። ልዩነቱ የቱን ቁጥር እንዳነሱ ነው።

ከ2008 እስከ 2022 የተሸጠው የድሮው ሴኮያ ከሦስተኛው ረድፍ ኋላ 18.9 ኪዩቢክ ፊት ነበረው። የአዲሱ በካታሎጉ 22.3 ነው። ይህን ያየ ሰው ጨመረ ብሎ ይጽፋል። ወንበሮቹን ሁሉ አጥፈሽ ከፊት ወንበር ጀርባ ያለውን ስትለኪ ግን የድሮው 120.1 ነበር፣ የአዲሱ 86.9 ነው። ከ33 ኪዩቢክ ፊት በላይ ጠፋ። ፍሪጅ ወይም ሶፋ መጫን የሚወድ ጸሐፊ ይህን አይቶ ቢናደድ አይፈረድበትም።

ደግሞ 22.3 የሚለውን እንዳለ አትቀበዪው። የሴኮያ ሦስተኛ ወንበር 6 ኢንች ያህል ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ትልቁ ቁጥር የሚገኘው ወደ ፊት ሲገፋ ነው። ሰው እንዲመቸው ወደ ኋላ ስትስቢው ሻንጣው ቦታውን ያስረክባል። ጉልበት ወይስ ሻንጣ፣ አንዱን ነው የምትመርጪው።

ታሆ ከሦስተኛው ረድፍ ኋላ 25.5 አለው። ረጅሙ ወንድሙ ሰበርባን 41.5። ለዱለስ ጉዳይሽ ሰበርባን ንጉሥ ነው። ርዝመቱ ግን 225.7 ኢንች ነውና መጀመሪያ ጋራዥሽን በሜትር ለኪ። ታሆ 210.7፣ ሴኮያ 208.1 ናቸው።


መልስ ፦ ጋሼ መካኒክ፣ ዳላስ

ልጄ፣ ቁጥሩን ወንድማችን ነግሮሻል። እኔ ከሥር ያለውን ላሳይሽ።

የድሮው ሴኮያ የኋላ ጎማዎቹ ለየብቻ ነበር የሚወጡትና የሚወርዱት። አዲሱ ከተንድራ ፒክአፕ ጋር አንድ ዓይነት ሻሲ ስለሚጋራ ወጥ አክስል ተደረገለት። ሁለቱ ጎማዎች በአንድ ብረት ተያይዘዋል ማለት ነው። አንዱ ጎማ ጉድጓድ ሲገባ ሌላውም ይሰማዋል። ያ ብረት ወደ ላይ ሲዘል የሚገባበት ክፍት ቦታ ይፈልጋል፣ ስለዚህ ከላዩ ያለው ወለል ከፍ ይላል። አዲሱ ሴኮያ ሃይብሪድ ነው፣ ቤንዚንና ኤሌክትሪክ አጣምሮ ይሠራል፤ ባትሪውም እዚያው ኋላ ወለል ሥር ቦታ ይሻማል። ወለሉ ከፍ ብሎ ወንበሩ እዚያው ሲቀር ምን ይሆናል? የቡና በርጩማ ላይ እንደ መቀመጥ ነው፤ ጉልበት ወደ አገጭ ይመጣል። ሦስተኛው ወንበር ሲታጠፍም ከወለሉ ጋር እኩል አይሆንም። ቶዮታ ለዚህ ብሎ ከፍታው የሚቀያየር መደርደሪያ ኋላው ላይ አድርጎበታል።

የሚያስቀው ታሆ በ2021 የሄደው በተቃራኒው ነው። ወጥ አክስሉን ጥሎ ጎማዎቹን ለየብቻ አደረጋቸው። ወለሉ ወረደ፣ መኪናውም ረዘመ። የሦስተኛው ረድፍ የእግር ቦታ ከ24.8 ወደ 34.9 ኢንች አደገ። ሁለቱ መኪናዎች መንገድ ላይ ተላለፉ ብትይ ይሻላል።

ወጥ አክስል ክፉ ነገር አይደለም። ጠንካራ ነው፣ ለመጎተት ጥሩ ነው። ሴኮያ እስከ 9,520 ፓውንድ ይጎትታል። የምትጎትቺው ከሌለሽ ግን የማትጠቀሚበትን ጉልበት በየቀኑ የምትጠቀሚበትን ምቾት ከፍለሽ ትገዢዋለሽ።

አንድ ነገር ሪቪው ላይ አታገኚም፣ መኪናው አዲስ እያለ ስለተጻፈ። የታሆ አምራች ጄኔራል ሞተርስ ከ2021 እስከ 2024 የተሠሩ ባለ 6.2 ሊትር ቪ8 መኪናዎቹን ሚያዝያ 2025 ላይ ሪኮል አድርጓል፤ ለጥገና መልሶ ጠርቷል ማለት ነው። አሜሪካ ውስጥ ብቻ 600,000 ገደማ ናቸው፤ ችግሩ ሞተሩ ውስጥ ያለው የክራንክ ዘንግና ፒስተኑን ከሱ ጋር የሚያገናኘው ብረት (ቢዬላ) ነው። ታሆ ከገዛሽ ባለ 5.3 ሊትሩ እዚያ ውስጥ የለም። ቶዮታም ንጹሕ አይደለም። በ2024 ሞተር ውስጥ በቀረ የብረት ፍቅፋቂ ምክንያት 100,000 ያህል ተንድራና ሌክሰስ ኤልኤክስ ጠርቷል። ሃይብሪድ ያልሆኑትን ነው የጠራው፣ ሴኮያ አልነበረበትም። ሞተሩ ግን የአንድ ቤተሰብ ልጅ ነው። የትኛውንም ስትገዢ የቪን ቁጥሩን (የመኪናውን መለያ ቁጥር) የመንግሥት የመንገድ ደህንነት ድረ ገጽ ላይ አስገቢ። ነፃ ነው፣ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።


መልስ ፦ ሲዬና ለዘላለም፣ አትላንታ

ሲዬና ግዙና ተገላገሉ። ከሦስተኛው ረድፍ ኋላ 33.5 ኪዩቢክ ፊት፣ በጋሎን 36 ማይል። ለአማትሽም መውጣት ሳይሆን መቀመጥ ብቻ ነው። በሩ ራሱ ይከፈታል። ቶዮታም ነው!


ጠያቂዋ

ሃሃ፣ ሲዬናን እኔም አንስቼ ነበር። ባለቤቴ ሚኒቫን ከምነዳ በአውቶቡስ እሄዳለሁ አለ። ልከራከር እችል ነበር፤ ግን ትዳርም መኪናም በአንድ ወር አይሆንም።

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። በርጩማው ገባኝ። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፤ ይህ ሁሉ እየታየ ታዲያ ያን ያህል የሚያሞግሱት ለምንድን ነው? ተከፍሏቸው ነው?


መልስ ፦ ሪቪው አንባቢ፣ ሲያትል

መከፈል እንኳን ማለት ይከብዳል። አሠራሩን ካወቅሽ ግን ይገባሻል።

አዲስ መኪና ሲወጣ ፋብሪካው ጋዜጠኞችን ይጋብዛል። የአውሮፕላኑም የሆቴሉም ወጪ ብዙውን ጊዜ በሱ ነው። አንድ ቀን ይነዳሉ። ሁለት ሰው ፊት ይቀመጣል፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ማንም የለም፣ ካር ሲት የሚያስር የለም። እዚያ ሆነሽ ሴኮያን ብትነጂ አንቺም ታሞግሺዋለሽ። 437 የፈረስ ጉልበት አለው፤ ሃይብሪዱ ከቆመበት ሲነሳ ወደ ኋላ ይለጥፍሻል። ባለ 5.3 ሊትሩ ታሆ 355 ነው። ፊት የተቀመጠ ሰው የጻፈው ሙገሳ እውነት ነው፣ ስለ ፊት ወንበር።

ኮንሲዩመር ሪፖርትስ የሚባለው ለገዢዎች ዕቃ የሚፈትሽ ድርጅት ግን መኪናውን እንደ ማንኛውም ገዢ ከዲለር በገንዘቡ ይገዛል። የመኪና ባለቤቶችንም ይጠይቃል። ሙሉውን ለማንበብ ክፍያ አለው፣ ግን ብዙ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በካርዳቸው ያስገባሉ፤ የሰፈርሽን ጠይቂ። ካር ኤንድ ድራይቨር የሚባለው መጽሔት ደግሞ አውራ ጎዳና ላይ በሰዓት 75 ማይል እየነዳ ፍጆታውን ራሱ ይለካል። እኔ እነሱን የማነበው ለቁጥራቸው ነው። አስተያየቱን ዘልዬ ሠንጠረዡን ነው የማየው።

ሌላው፣ የትኛው ደረጃ እንደተነዳ እይ። ለጋዜጠኛ የሚሰጠው ብዙ ጊዜ ውዱ ነው። ካፕስቶን የሚባለው ውዱ ሴኮያ ባለ 22 ኢንች ቸርኬ ነው፣ ርካሹ ኤስአር5 ባለ 18። ቸርኬው ሲተልቅ ዙሪያው ያለው ላስቲክ ይቀጥናል፣ ጉድጓዱም ወገብ ላይ ይደርሳል። ያንገጫግጫል ያለውና ለስላሳ ነው ያለው ሰው የነዱት አንድ መኪና ላይሆን ይችላል።

ስለ አደጋም ልበል። የኢንሹራንስ ድርጅቶች ያቋቋሙት የመኪና ግጭት ፈታኝ አይአይኤችኤስ ሰኔ 2024 ላይ ሦስት ትልልቅ ኤስዩቪ አጋጭቶ ነበር፤ ታሆ፣ ኤክስፔዲሽንና ዋጎኒር። የደህንነት ሽልማቱን ያገኘው ዋጎኒር ብቻ ነው። ሴኮያ በዚያ ፈተና አልነበረም።


መልስ ፦ ሴኮያ ነጂ፣ ዴንቨር

እኔ የ2023 አለኝ፤ አልጸጸትም። ግን እኛ አራት ነን፣ ተጎታች ካምፐርም አለን። ሦስተኛው ረድፍ የልጄ ጓደኞች ሲመጡ ነው የሚከፈተው። ስድስት ሆኜ በየቀኑ ብጠቀምበት ኖሮ ሌላ ነገር እጽፍልሽ ነበር።

አንድ ምክር ልስጥሽ። የትኛውንም ብትገዢ ሁለተኛው ረድፍ ሁለት ነጠላ ወንበር ያለው ይሁን፣ መሃሉ መተላለፊያ ያለው። ካር ሲት የታሰረበትን ወንበር ማጠፍ ጣጣ ነው። መተላለፊያ ካለ ትልልቆቹ በመሃል ሾልከው ኋላ ይገባሉ፣ ሕፃኑን አትነኪውም። አማትሽ ከሕፃኑ ጎን፣ ሁለቱ ልጆች ኋላ።


መልስ ፦ የበረሃ ሰው፣ ዱባይ

እዚህ ስለ ኒሳን ፓትሮል ነው የሚወራው፤ እናንተ አርማዳ የምትሉት። በ2025 ሞዴል ተቀይሮ ቪ8ቱ ቀርቶ ባለ 3.5 ሊትር ቪ6 ቱርቦ ሆኗል፣ 425 የፈረስ ጉልበት። ሄዳችሁ ብታዩት አይከፋም።


መልስ ፦ ቁጥር ወዳድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ስለ ነዳጅ ማንም አላሰላላትም። በመንግሥት መለኪያ በኋላ ጎማ የሚነዳው ሴኮያ በጋሎን 22 ማይል ነው፤ ባለ 5.3ቱ ታሆ 18። በዓመት 12,000 ማይል ብትነጂ ሴኮያ 545 ጋሎን፣ ታሆ 667 ይጠጣሉ። ጋሎኑን በ3.50 ዶላር ብታሰቢው ልዩነቱ 425 ዶላር ገደማ ነው፣ በወር 35። ትንሽ አይደለም፣ ግን የአማትሽን ጉልበት የሚያስረሳም አይደለም። የድሮውን ቪ8 ሴኮያ በርካሽ እንግዛ የሚል ቢመጣ ደግሞ እሱ በጋሎን 15 ነው፤ 800 ጋሎን።


ጠያቂዋ፣ ከዘጠኝ ቀን በኋላ

ቅዳሜ ሄድን። ሁለት ዲለር። አራት ትልልቅ ባዶ ሻንጣ፣ ሁለቱን ካር ሲትና አማቴን ይዘን። የመጀመሪያው ሻጭ ሻንጣ ስናወርድ ሲያይ ልንሰደድ የመጣን መስሎት ነበር።

ሴኮያው ላይ ሦስተኛውን ወንበር ወደ ፊት ስንገፋው ሦስት ሻንጣ ገባ፣ አራተኛው እምቢ አለ። ትልቁ ልጄ ሊቀመጥ ወንበሩን ወደ ኋላ ስንመልሰው ግን አንዱ ቆሞ ገባ፣ ሌላው በግድ። ልጄ ተቀምጦ «እማዬ፣ ጉልበቴ እዚህ ነው» እያለ ደረቱን ነካ። ጋሼ መካኒክን አስታወስኳቸው። ባለቤቴ ፊት ሆኖ ነድቶት ሲወርድ ፊቱ በርቶ ነበር። የሚገርም ሞተር ነው፣ አልዋሽም።

ታሆው ባለ 5.3 ሊትር የ2022 ነው። አራቱም ሻንጣ ገቡ፤ የመጨረሻውን ጋደም አድርገን። እሱ መኪና የአየር ሰስፔንሽን ነበረው፤ ሲቆም ሁለት ኢንች ዝቅ ይላል። አማቴ እጀታውን ይዘው መርገጫው ላይ ወጡና ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተደላደሉ። ልጆቹ በመሃል አለፉ። ከዚያ ውረዱ ስንላቸው «ሌላ የምታዩት ካለ እናንተ ሂዱ፣ እኔ እዚሁ እጠብቃለሁ» አሉ።

የቪን ቁጥሩን አስገባሁ፣ የቀረ ሪኮል የለበትም። ነገ የራሳችን መካኒክ ያየዋል። ባለቤቴ እስካሁን እሺም እምቢም አላለም። ትናንት ማታ ግን ስልኩን ሳይዘጋ እንቅልፍ ወስዶት ሳይ የታሆ ምንጣፍ ዋጋ እያወዳደረ ነበር።