የእፉኝት መርዙ ፕሮቲን ለምን እንደ ተወሳሰበ ፈትል ሆነብኝ?

ጠያቂ (ደብረ ማርቆስ)፦ ሰላም ቤቶች። ለሴሚናር ኤኪስታቲን ደርሶኛል፤ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ የእፉኝት መርዝ ፕሮቲን ነው። የመዋቅር ፋይሉን ከፕሮቲን ዳታ ባንክ አውርጄ ስከፍተው ወግ ያለው ሄሊክስ (እንደ ስፕሪንግ የተጠመዘዘ ቅርጽ) እንኳ የለውም፤ ድመት የተጫወተችበት ድውር ነው የሚመስለው። ፋይሉ ተበላሽቶ ይሆን? የማቀርበው ሐሙስ ነው፣ ድረሱልኝ።

ባዮኬም (ባሕር ዳር)፦ ፋይሉ ደህና ነው እህቴ። መዋቅሩ በኤንኤምአር (የአተሞችን አቀማመጥ በማግኔት በሚያጠና ዘዴ) የተሠራ ስለሆነ ብዙ ሞዴል ተደራርቦ ነው የሚታይሽ፤ አንዱን ብቻ አስቀሪ። ሄሊክስ ግን ያኔም አትጠብቂ። ጠቅላላው 49 አሚኖ አሲድ ነው፤ ቅርጹን የያዙለት ሲስቴይን የሚባለውን አሚኖ አሲድ ከሌላ ሲስቴይን ጋር የሚያስሩ 4 የሰልፈር ቋጠሮዎች ናቸው። እነሱን ቢጫ አድርጊያቸው። ከ24 እስከ 26 ያሉትን ደግሞ፣ አርጂኒን፣ ግላይሲንና አስፓርቲክ አሲድን፣ ቀይ ቀቢያቸው። ወጣ ብሎ እንደ መንጠቆ የቆመ ቀለበት ታያለሽ። ጨዋታው እዚያ ነው፦ ፕሌትሌት (ደም ለማቆም እርስ በርስ የሚያያዙ ጥቃቅን የደም ሕዋሳት) ላይ ያለውን ኢንተግሪን የሚባል መያዣ ፕሮቲን ቀድሞ ይይዘዋል፣ ፕሌትሌቶችን የሚያገናኘው የደም ፕሮቲን ፋይብሪኖጅን የሚጨብጠው ያጣል፣ ፕሌትሌቶቹም ሳይያያዙ ይቀራሉ።

ጠያቂ፦ ጠራልኝ! ግን ቀይ ቀለበቱም የመጨረሻው ጫፍም በየሞዴሉ ቦታ ይቀያይራሉ።

ባዮኬም፦ ስለሚወዛወዙ ነው። አትደብቂው፣ ሁለት ሦስት ሞዴል ጎን ለጎን አሳዪ። ቲሮፊባን የሚባለው የልብ ሕመም መድኃኒት የዚህን ቀለበት አሠራር ተከትሎ የተቀመረ መሆኑንም ጨምሪበት።

የቡሬው፦ የእኛ አገሩ ወፍራም እፉኝትስ?

ባዮኬም፦ ቢቲስ አሪየታንስን ማለትህ ከሆነ፣ የሱ ቢቲስታቲን ይባላል። ረዘም ይላል፤ 83 አሚኖ አሲድ፣ 7 ቋጠሮ። መንጠቆው ግን ያው ነው።

ነርስ (ደጀን)፦ አንድ ነገር ላርምሽ እህቴ፣ «ደም እንዳይረጋ» ብለሽ አትለፊው፤ ፈታኝ ይይዝሻል። ኤኪስታቲን የሚከለክለው የፕሌትሌትን መያያዝ ነው። የተነደፈ ሰው ድዱ ሲደማ ግን ብዙውን ጊዜ ጥፋተኞቹ ደም ለመርጋት የሚያስፈልገውን ፋይብሪኖጅን የሚጨርሱ ሌሎች የመርዙ ኢንዛይሞች ናቸው። እኛ የምናየው በብርጭቆ ቱቦ ነው፦ 2 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ቀድተን ሳንነካው 20 ደቂቃ እናቆየውና ዘንበል እናደርገዋለን። እንደ ውሃ ከፈሰሰ መርዙ ደሙን ይዞታል ማለት ነው። ቱቦው ፕላስቲክ ከሆነ ወይም በሳሙና ከታጠበ ውጤቱ ያሳስታል፤ አንድ ሌሊት በዚሁ ምክንያት ሁለት ጊዜ ደግመናል።

የቡሬው፦ እስክንደርስስ? እኛ ጋ ይበጣል፣ ይታሰራል።

ነርስ፦ ሁለቱም ይቅር ወንድሜ። ደሙ የማይረጋ ሰው ከተበጣ መድማቱን ማን ያቆምለታል? እግሩን እንደ ተሰበረ ሰው በእንጨት ደግፋችሁ፣ ሳይራመድ በቃሬዛ አምጡት።