ሽፋን ላይ የምትቆም ሴት ተዋጊ ምን ትልበስ? ደራሲው የላከልኝ የብረት ልብስ ሆዷን አይሸፍንም

ሥዕል በደሴ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ሆኜ በታብሌት የመጽሐፍ ሽፋን እሠራለሁ። አሁን የያዝኩት የምናብ ልቦለድ ነው። ድራጎን አለ፣ ጠንቋይ አለ፣ የተራራ በር የምትጠብቅ የጦር አለቃ አለች። ረቂቁን ወድጄዋለሁ። ሴትዮዋ ቁጡ ናት፣ ብልህ ናት፣ ወታደሮቿ ከድራጎኑ ይልቅ እሷን ይፈራሉ።

ጣጣው የመጣው ደራሲው «ልክ እንደዚህ» ብሎ ከላከልኝ ሥዕል ነው። ደረቷ ላይ ከብረት የተሠራ ጡት መያዣ አለ። ሆዷ ባዶ፣ ጭኗ ባዶ። ትከሻዋ ላይ ግን ከጭንቅላቷ የሚበልጥ ብረት ተጭኗል። ጫማዋ ባለ ሹል ታኮ ነው። ከኋላዋ በረዶ የለበሰ ተራራ ይታያል። አጠገቧ የቆመው ወንድ ደግሞ ከራስ ቁሩ እስከ ብረት ጓንቱ አንዲት ጣት አይታይበትም!

የሚገርመው፣ ራሱ ደራሲው ምዕራፍ ሁለት ላይ «ቀስቱ ጥሩሯን መትቶ ነጥሮ ወደቀ» ብሎ ጽፏል። የቱን ጥሩር?

ስነግረው «ሽፋን ካልሳበ ማን ይገዛል?» አለኝ። ቀብድ ተቀብያለሁ፣ መጣላት አልፈልግም። እውነተኛ የብረት ልብስ ሴት ላይ እንዴት ነው የሚቀመጠው? ጡቷን ሳላሳይ ሴት መሆኗ በምን ይታወቅ? ደራሲውንስ እንዴት ላግባባው? ሽፋኑ በአብዛኛው የሚታየው ቴሌግራም ላይ፣ በስልክ፣ በትንሹ ነው።

ላሜራው (ኮምቦልቻ)፦

እታለም፣ እኔ ሥዕል አልችልም። ኮምቦልቻ ጋራዥ ውስጥ ባትላሜራ ነኝ። ስለ ብረት ግን ጠይቂኝ።

ያ በጡት ቅርጽ ለሁለት ተከፍሎ የተቀጠቀጠ ጥሩር ትልቁ ጥፋቱ መሃሉ ላይ ያለው ሸለቆ ነው። ጎራዴም ሆነ ጦር ክብ ብረት ላይ ሲያርፍ ተንሸራቶ ወደ ጎን ይወጣል። ሸለቆ ካገኘ ግን ወደዚያው ይወርዳል። የት ነው የሚያደርሰው? ደረት አጥንት ላይ። ባለሙያው ከሰል አቃጥሎ፣ ላቡን አፍስሶ፣ ለጠላት መንገድ ጠርጎለታል ማለት ነው። ከፈረስ በደረቷ ብትወድቅ ደግሞ ያ ወደ ውስጥ የገባው ጠርዝ ራሷን ነው የሚጎዳት።

የአውሮፓ ቀጥቃጮች የሠሩት የዚህን ተቃራኒ ነው። ደረቱን እንዳለ ወደ ውጭ ይነፉታል። አንዳንዴም መሃል ለመሃል ሸንተረር ያወጡለታል። ምቱን ለግራና ለቀኝ ያካፍላል፣ ላሜራውንም ያጠነክረዋል። የመኪና በር ላይ የምታያት መስመርም ለውበት ብቻ አይደለችም።

ጡቷስ የት ይግባ? በተነፋው ደረት ውስጥ ቦታ ሞልቷል። የወንዱም ጥሩር ከደረቱ ራቅ ብሎ ነው የሚቆመው። ወገቡ ላይ ጠበብ ይላል፣ ክብደቱ ዳሌ ላይ እንዲያርፍ። ስለዚህ ሴትም ወንድም ቢለብሰው ቅርጹ ብዙ አይለያይም።

ውፍረቱን አታጋንኚው። የመኪና ላሜራ አንድ ሚሊሜትር አይሞላም። ጥሩር ደረቱ ላይ 2 ሚሊሜትር ገደማ ነው፣ እጅና እግር ላይ ይሳሳል። ያ ግዙፍ ትከሻ ደግሞ እጇን ስታነሳ ጆሮዋን ነው የሚመታት። ካላመንሽኝ ክንዷን ወደ ላይ አንስተሽ ሣዪና እዪው።

ስፌት ቤት ሰኞ ገበያ፦

አብሽሪ የኔ ልጅ። ሁላችሁም ብረቱን ብቻ ነው የምታወሩት። ብረት ባዶ ገላ ላይ ይለበሳል እንዴ? በኅዳር የደሴ ብርድ የብረት በር ነክተሽ ታውቂያለሽ? ያንን ነው ጡቷ ላይ ያደረጉላት። ፀሐይ ሲወጣ ደግሞ ያቃጥላል። ሲራመዱበት ቆዳ ይልጣል።

ከውስጥ ጀምሪ። መጀመሪያ ቀሚስ ወይም ሸሚዝ። ከዚያ በላይ ድርብርብ ሆኖ የተሰፋ፣ ጥጥ ወይም ሱፍ የታጨቀበት ወፍራም ኮት። የዱላውን ኃይል የሚውጠው እሱ ነው። ብረቱ ስለቱን ይመልሳል፣ ኮቱ ድንጋጤውን ይቀበላል። ድሃ ወታደር ኮቱን ብቻ ለብሶም ይዘምት ነበር። ብረቱ ከኮቱ ጋር በጠፍር ይታሰራል። ስለዚህ ማሰሪያና ዘለበት ሣዪ። ማሰሪያ የሌለው ብረት በምን ይቆማል? በጸሎት?

ብብት፣ ክርን፣ ጉልበት፣ አንገት፣ ብሽሽት። ሰው የሚታጠፍበት ቦታ ሁሉ ላሜራ አይገባበትም። እዚያ በትንንሽ የብረት ቀለበት የተጠላለፈ መረብ ይገባል። ብብቷ ሥር ትንሽ መረብ ብቅ ቢል ሥዕልሽ ወዲያው እውነት ይመስላል። ልብስ ስሰፋም ሰው የሚያየው ደረቱን ነው፣ ልብሱ የሚበላሸው ግን ብብቱ ላይ ነው።

ከሌሊት ተጫዋች፦

ሃሃ፣ ድራጎን እየበረረ የሚያስጨንቃችሁ ሆዷ ነው? ምናብ እኮ ነው! እሳት ከእጇ የምታወጣ ሴት ጥሩር ምን ያደርግላታል? ወንዶቹም ተዋጊዎች ቁምጣ ብቻ ለብሰው ሲሣሉ ማንም አልጮኸም። ይሄ ዘውግ ድሮም እንዲህ ነው።

ሥዕል በደሴ፦

@ከሌሊት ተጫዋች፣ ነጥብህ ገብቶኛል። ሁሉም በቁምጣ ቢሆኑ ኖሮ ጥያቄውን አላነሳም ነበር። አጠገቧ ያለው ሰውዬ ግን አፍንጫው እንኳ አይታይም! ሁለቱም አንድ ጦርነት ውስጥ ናቸው። ወይ እሱ በሙቀት ይሞታል፣ ወይ እሷ በብርድ።

መምህሩ፦

«ድሮም እንዲህ ነው» ለሚለው አንድ ነገር ልጨምር። ሬድ ሶንያ የምትባለው ባለ ጎራዴ የኮሚክ ገጸ ባሕርይ የብረት ቢኪኒ ፈር ቀዳጅ ተደርጋ ትጠራለች። እ.ኤ.አ. በ1973 ለመጀመሪያ ጊዜ ስትወጣ ግን የብረት መረብ ሸሚዝ ለብሳ ነበር። ቢኪኒውን በኋላ ያለበሳት ኤስቴባን ማሮቶ የተባለ ስፔናዊ ሠዓሊ ነው። አንባቢ ወደደውና ቀረ። የጦር ሜዳ ምክንያት አልነበረውም፣ የገበያ እንጂ።

እውነተኛ ተዋጊ ሴት ከፈለግሽ የፈረንሳይዋን ዣን ዳርክን ተመልከቺ። እ.ኤ.አ. በ1429 ቱር ከተማ ውስጥ በልኳ የብረት ልብስ ተሠራላት። ዋጋውም 100 ሊቭር ተብሎ ተመዝግቧል። እንደማንኛውም ባላባት ሙሉ ልብስ ነበር። በዚያው ዓመት ኦርሌያን ላይ ቀስት ያገኛት በአንገቷና በትከሻዋ መካከል ነው። ፓሪስ ላይ ደግሞ ጭኗን ተመታች። ሙሉ ለብሳም ክፍተት ተገኘባት። ደራሲሽ ክፍተቱን ራሱ አስፍቶ ሰጥቷል!

ክብደት ካስፈለገሽ የ15ኛው መቶ ዘመን ሙሉ የሜዳ ልብስ ከ20 እስከ 25 ኪሎ ነው። መላ ሰውነት ላይ ስለሚከፋፈል ይሮጡበታል፣ ፈረስ ላይም ይወጡበታል። «ሴት ስለሆነች ይከብዳታል፣ ስለዚህ ይቀነስላት» የሚል ክርክር ከመጣ ውኃ በጀርባቸው የሚያወጡትን የገጠር እናቶቻችንን አስታውሺው።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ የወንድ ብረትም ሁልጊዜ ለጥቅም ብቻ አልተሠራም። የሮማ ጄነራሎች የሆድ ጡንቻ የተቀረጸበት ጥሩር ያደርጉ ነበር። የእንግሊዙ ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ እ.ኤ.አ. በ1540 ገደማ የተሠራለት የብረት ልብስ ለንደን ግንብ ውስጥ አለ። እግሮቹ መካከል የተደረገለትን ብረት ያየ ሰው ንጉሡ ስለ ራሱ ምን ያስብ እንደነበር ይገባዋል። ሰውነት ማጋነን ነበር፣ ግን ሸፍነው ነው ያጋነኑት።

አሁን ወደ አገራችን። መራቆት ሁሉ ስንፍና አይደለም። የኛ ፈረሰኛ በባዶ እግሩ ነበር የሚጋልበው፣ አውራ ጣቱን እርካቡ ውስጥ አስገብቶ። ምክንያት አለው። ከብረት ልብስ ይልቅ የሚተማመነው በጎሽ ቆዳ ጋሻው ነበር። ደረቱም ላይ ለምድ፣ ራሱ ላይ የአንበሳ ጎፈር። ማዕረጉ ከሩቅ ይታወቃል። ሴትዮሽ የጦር አለቃ ከሆነች በጡቷ ሳይሆን በማዕረጓ ትታወቅ። ያንን ሹል ታኮ አውልቂላትና እግሯን ባዶ አድርጊው፣ ፈረስ ላይ ከሆነች። ታኮ አድርጋ የሐረጎን ቁልቁለት ትውረድና እንያት!

የወሎ ልጅ ስለሆንሽ ደግሞ ስለ ወሎዋ ገዢ ስለ ወርቂት አንብቢ። በ1857 ዓ.ም. ምኒልክ ከመቅደላ ሲያመልጡ እጇ ላይ ነበሩ። ለቴዎድሮስ አሳልፋ ትስጣቸው ወይስ ትልቀቃቸው? ልጇ መቅደላ ታስሮ እያለ ለቀቀቻቸው፣ ቴዎድሮስም ልጇን ገደሉባት። እንዲህ ዓይነት ውሳኔ የወሰነችን ሴት ፊት ሣዪ። ሽፋኑ የሚሸጠው በሱ ነው።

ከሌሊት ተጫዋች፦

የወርቂትን አላውቅም ነበር፣ አመሰግናለሁ መምህር። ቢኪኒውን ግን አሁንም አልጠላም 😄 አረና ውስጥ ለትርዒት የምትዋጋ ሴት ብትሆን፣ ወይም በረሃ ውስጥ፣ ያምርባታል። እዚህ በረዶ ስላለ ይቅር።

ለሥዕል በደሴ የሚጠቅም ነገር ልንገርሽ። በስልክ ሲታይ ጡትም ጥሩርም አይለይም። የሚለየው ጥላው ነው። ሥዕሉን ሙሉ በሙሉ ጥቁር ቀቢውና በአውራ ጣትሽ ልክ አሳንሺው። ማን እንደሆነች ካወቅሽ ሠርቷል። ካላወቅሽ ቅርጿን ለውጪ፦ ካባ፣ ረጅም ጦር፣ የተለየ የራስ ቁር። ጌም የሚሠሩ ሰዎች ገጸ ባሕርይን የሚለዩት እንደዚህ ነው። አንድ ደማቅ ቀለም ብቻ ስጪያት። ቀይ ካባ ግራጫ ተራራ ላይ ከሩቅ ይጣራል።

ስፌት ቤት ሰኞ ገበያ፦

ካባው ላይ የወሎ ጥልፍ ይግባበት። አንገቱ ዙሪያ ብቻ፣ እንዳይበዛ።

ላሜራው (ኮምቦልቻ)፦

ጥሩሩንም አታሳምሪው። አለቃ ናት ካልሽ ብዙ ተዋግታለች። አንድ የተሰረጎደ ቦታ፣ አንድ በሪቬት የተጠገነ ቁራጭ አድርጊበት። ያ ምዕራፍ ሁለት ላይ የነጠረው ቀስት ጭረት ይተዋል አይደል? ጭረቱን ደረቷ ላይ አድርጊውና ለደራሲው «የራስህን ገጽ ነው የሣልኩት» በይው። የት ይገባል?

ሥዕል በደሴ፦

ወላሂ ላሜራው፣ ይቺን ነው የፈለግሁት!

ሁለት ንድፍ ሠርቼ ላክሁለት። አንዱ እሱ ያለው፣ አንዱ የእናንተ። ሁለቱንም በስልክ መጠን አሳንሼ ጎን ለጎን አደረግኋቸው፣ ምንም ማብራሪያ አልጻፍኩም። ጭረቱን ሲያይ ደወለ። «ይቺ ናት» አለ። የመጀመሪያዋ ግን «ማንም ልትሆን ትችላለች» አለኝ።

አሁን የቀረው ጭቅጭቅ የራስ ቁሩ ነው። ፊቷና ፀጉሯ ካልታየ አይሆንም ይላል። እኔ ደግሞ ራሷ ባዶ ሆኖ ድራጎን ፊት መቆሟ ደስ አላለኝም።

መምህሩ፦

እዚህ ላይ ደራሲው ልክ ነው። ሽፋን ፊት ይፈልጋል። ከውጊያው በፊት ያለውን ሰዓት ሣዪ። ቁሩን በብብቷ ትያዘው፣ ወይም ኮርቻው ላይ ይንጠልጠል። ድራጎኑ ገና ከሩቅ፣ ከተራራው ጫፍ በላይ ይሁን።

ስፌት ቤት ሰኞ ገበያ፦

ፀጉሯ ሹሩባ ይሁን፣ ወደ ኋላ የተያዘ። ለቀሽ ብትተዪው ዘለበቱ ውስጥ ይገባል፣ እንደ ቲቪ ማስታወቂያ አይበተንም። ከቁሩ ሥር ደግሞ ሻሽ ያስፈልጋታል። ቁር ያለ ጨርቅ ጭንቅላት ላይ አይቀመጥም።

ሥዕል በደሴ፦

ሻሹ ከካባው ጋር አንድ ቀለም ቢሆንስ?

ስፌት ቤት ሰኞ ገበያ፦

ትንሽ ደብዘዝ ይበል። አንድ ልብስ ላይ ሁለት ደማቅ ቀይ ይጣላል።

ከሌሊት ተጫዋች፦

ያ ሙሉ የለበሰው ሰውዬስ ምን ሆነ?

ሥዕል በደሴ፦

ቁሩን አወለቅሁለት። ላቡ ይታያል አሁን 😄

ላሜራው (ኮምቦልቻ)፦

የሁለተኛውን ንድፍ ሒሳብ ጠይቀሽዋል? እኔ ጋ ባለመኪናው ሐሳቡን ሲቀይር ላሜራው በነጻ አይቀጠቀጥም። የመጀመሪያው በውሉ ነው፣ ከዚያ በኋላ ያለው ለብቻ ይታሰባል። ቀለም ከመቀባትሽ በፊት አስፈርሚው።