«ትሩ ፌይዝ» ብዬ ብምል ማተቤን መካድ ይሆንብኛል?

የጎንደሯ (ሲልቨር ስፕሪንግ)
ሰላም ለሁላችሁ። የአሜሪካ ዜግነት ኢንተርቪዬ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ጥያቄዎቹን ይዣቸዋለሁ፣ የከበደኝ የመሐላው ቃል ነው። «ትሩ ፌይዝ ኤንድ አሊጅያንስ» የሚል አለበት። እሁድ ከእናቴ ጋር በቪዲዮ እያወራን ጮክ ብዬ አነበብኩት። ስልኩን ስኳር ዕቃው ላይ አስደግፋ ቡና እየቆላች ነበር። ፌይዝ ምንድን ነው አለችኝ፣ እምነት አልኳት። ብረት ምጣዱን ከእሳት አውርዳ ዝም አለች። ከዚያ «በእኔ ምክንያት ማተብሽን አትበጥሺ፣ እኔ እዚሁ እሞታለሁ» አለችኝ። ንስሐ አባቷም አትማሉ ተብሏል ብለዋታል። ዜግነቱን የምፈልገው እሷን ለማምጣት ነው እኮ። ሳይምሉ ዜጋ መሆን ይቻላል? ለእናቴስ ይህን ቃል ምን ብዬ ላስረዳት?

የቆየ ሰው (ዳላስ)
እህቴ አትጨነቂ። ብዙ ሰው ለዚህ ፈተና አስጠንቻለሁ። እዚያ ላይ ያለው ፌይዝ ሃይማኖት አይደለም፣ ታማኝነት ነው። ለሕገ መንግሥቱና ለአገሪቱ ሕግ ታማኝ እሆናለሁ ነው የምትዪው። ኦፊሰሩ አሊጅያንስ ምንድን ነው ካለሽ «ሎያልቲ» (ታማኝነት) በይው። ኦዝ (መሐላ) ካለሽ «ፕሮሚስ» (ቃል መግባት)። መሐላውን በተመለከተ፣ «እምላለሁ» በሚለው ፈንታ «አረጋግጣለሁ» ማለት ሕጉ ይፈቅዳል። «ሶ ሄልፕ ሚ ጋድ» (እግዚአብሔር ይርዳኝ) የሚለውንም ማስቀረት ይቻላል። ለዚህ ማስረጃ አምጪ አትባዪም። እምነቴ አይፈቅድም ብለሽ ማስረዳት ያለብሽ ጦር መሣሪያ አላነሣም የምትዪ ከሆነ ነው። ከቀድሞው የ100 ጥያቄ ፈተና «የሃይማኖት ነፃነት ምንድን ነው?» የሚለውን ለእናትሽ አንብቢላት። መልሱ የፈለጉትን ሃይማኖት መከተል ወይም አለመከተል ነው።
ሌላው፣ የዜግነት ማመልከቻ ፎርሙን ያስገባሽበትን ቀን እዪ። ከኦክቶበር 20 ቀን 2025 ጀምሮ ያስገባ ሰው 128 ጥያቄ ነው የሚያጠናው፤ 20 ተጠይቆ 12 መመለስ አለበት። ከዚያ በፊት ያስገባ ከ100ው እስከ 10 ይጠየቃል፣ 6 ከመለሰ ያልፋል። የማይመለከታቸውን እያጠኑ የሚደክሙ ሰዎች አይቻለሁ።

ተንከባካቢ (ሚኒያፖሊስ)
እኔንም እንዲህ ያሉ ቃላት አስቸግረውኛል። የምንከባከባቸው አሮጊት መድኃኒቴን «ሪሊጅየስሊ» ነው የምወስደው ሲሉኝ ከጸሎት ጋር መስሎኝ ሁልጊዜ ፀጥ ብዬ እጠብቅ ነበር። ለካስ አንድም ቀን አላዛንፍም ማለታቸው ነው። «ስዌር» ደግሞ መማልም መሳደብም ነው። ልጄ ከትምህርት ቤት «ስዌር» አደረግህ ተብሎ ወረቀት ይዞ ሲመጣ በማን ስም ማለ ብዬ ደነገጥኩ። ሱቅ ስትገቢ ደግሞ ሎያልቲ ካርድ (የደንበኛ ካርድ) አለሽ ወይ ይሉሻል። ባንዲራ ፊት የሚባለው አሊጅያንስም ትርጉሙ ይኸው ሎያልቲ ነው እንግዲህ።

የሰንበት ተማሪ (ሲያትል)
ለእናትሽ በአማርኛ አስረጃት። አማኝና ታማኝ ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው። አመነ፣ ታመነ፣ ምዕመን፣ አሜን። አደራ የበላን ሰው «እምነት አጎደለ» እንለዋለን፣ ሃይማኖቱን ካደ ማለታችን ግን አይደለም። እንግሊዝኛውም እንደዚሁ ነው። ፌይዝፉል (ታማኝ) ለትዳርም ለቤተ ክርስቲያንም ይባላል። ፌይዝ እምነት ነው ማለትሽ ስህተት አይደለም፣ እናትሽ የሰሙት ግን አንዱን ፊቱን ነው። እንዲህ ብትያቸው የሚገባቸው ይመስለኛል።

ሐና (ለንደን)
እኛ ጋ ደግሞ ለንጉሡ ነው። ለንጉሥ ቻርልስና ለወራሾቻቸው ፌይዝፉል እሆናለሁ ይባላል። በእግዚአብሔር ስም መማል ወይም ሳይምሉ ማረጋገጥ፣ ምርጫው የራስሽ ነው። እኔ ጴንጤ ነኝ፣ ሁለተኛውን መረጥኩ። ማንም ለምን አላለኝም።

የአባቷ ልጅ (ዴንቨር)
እኔን ያስለቀሰኝ ፌይዝ የሚለው አልነበረም። ለሌላ አገር የነበረኝን ታማኝነት ሙሉ በሙሉ እተዋለሁ የሚለው ጋ ስደርስ ድምፄ ጠፋ። ነጠላ ለብሼ ነበር የሄድኩት። አባቴ ደብረ ብርሃን ነው የተቀበረው፣ አርባውን እንኳ አልደረስኩም። አሁን በቢጫ ካርድ (በትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) እገባለሁ። ኤርፖርት ላይ ግን በውጭ አገር ፓስፖርት ስቆም ሆዴን ባር ባር ይለዋል። የኛም ሕግ ሁለት ዜግነት አይፈቅድም፤ በአዋጅ 378/1996 መሠረት የሌላ አገር ዜግነት ወደሽ ስትወስጂ የኢትዮጵያው ይቀራል።

የአገር ልጅ (አትላንታ)
ይቅርታ አድርጉልኝና ይህ ነገር ቃል በመሰንጠቅ አይታለፍም። እተዋለሁ ብሎ የማለ ሰው ትቷል። እኔ 18 ዓመት በግሪን ካርድ ነው የምኖረው። አልማልኩም፣ አልምልምም።

የአባቷ ልጅ (ዴንቨር)
ወንድሜ፣ አንተ ስላልማልክ እኔ ከዳሁ? በየወሩ የእናቴን የቤት ኪራይ የምልክ እኔ ነኝ። የእህቴን ሁለት ልጆች የማስተምር እኔ ነኝ። ባለፈው ወር ትርፍ ሰዓት ሠርቼ ነው ለአጎቴ መድኃኒት የላክሁት። ይህን ሁሉ የማደርገው ለማን ይመስልሃል?

የቆየ ሰው (ዳላስ)
አትላንታ፣ አንድ ነገር ልጨምርልህ። ለእናቱ ማመልከት የሚችለው 21 ዓመት የሞላው ዜጋ ነው። ግሪን ካርድ የያዘ ሰው ለወላጁ ማመልከት አይችልም። ልጅቷ እናቷን ትተው ነው የምትለው?

የአገር ልጅ (አትላንታ)
ትተዋት አላልኩም። እናት እናት ናት። ግን ስሙን በስሙ እንጥራው። ቢጫ ካርድ የያዘ ሰው አገሩ ገብቶ መምረጥ አይችልም፣ መመረጥም አይችልም። ይህ ቀላል ነገር ነው?

የጎንደሯ (ሲልቨር ስፕሪንግ)
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። «እምነት አጎደለ» የሚለውን ዛሬ ማታ እነግራታለሁ፣ አደራ የሚባለውን ነገር እናቴ ታውቃለች። ግን አንድ ነገር አልገባኝም። «አረጋግጣለሁ» ማለት እንደምፈልግ ኢንተርቪው ላይ ነው የምናገረው ወይስ አስቀድሜ በደብዳቤ? ፎርሙ ላይ ሙሉውን ለመማል ፈቃደኛ ነኝ የሚለው ላይ «የስ» ብያለሁ እኮ።

የአባቷ ልጅ (ዴንቨር)
አትላንታ፣ ምርጫውን ተወውና 18 ዓመት ሙሉ ስንቴ ሄደህ እናትህን አየሃቸው? እሱን ንገረኝ።

የአገር ልጅ (አትላንታ)
ሁለቴ። ሁለተኛው ለቀብሯ ነበር።