የ«ኩራት» ተቃራኒ ትህትና ነው ወይስ ሀፍረት?

የአዘዞው አባት፦
ሰላም ለቤቱ። ልጄ ሰባተኛ ክፍል ናት። አማርኛ ፈተና ላይ «ኩራት» ለሚለው ቃል ተቃራኒውን ምረጡ ተባሉ። «ሀፍረት» ብላ መለሰች፣ ኤክስ ገባባት። መልሱ «ትህትና» ነው ተብሏል። ቤት መጥታ ስትነጫነጭ እኛም ለሁለት ተከፈልን፤ እናቷ ከመምህሩ ጋር፣ እኔ ከልጄ ጋር። እስቲ ፍረዱን።

የቆሎ ተማሪ፦
መምህሩ ልክ ናቸው። «ትዕቢት ጥፋትን፥ ኵሩ መንፈስም ውድቀትን ይቀድማል» ይላል መጽሐፉ፣ ምሳሌ 16፥18። ኩራትና ትዕቢት ጎን ለጎን ነው የቆሙት፤ የሁለቱም መድኃኒት ትህትና ነው። ልጅቷን አይዞሽ በላት፣ አንድ ማርክ ነው።

ባለ ጋቢዋ፦
ወንድሜ የቆሎ ተማሪ፣ ጥቅስህን አልነካብህም። ግን እኔ ጎንደር ቅዳሜ ገበያ የሸማ ልብስ ነው የምሸጠው፤ ይህን ቃል ስሰማው ነው የምውለው። ዋጋ አልቀንስም ስል «አንቺ ደግሞ ኮራሽብን» ይሉኛል። እዚያው አጠገባቸው የቆመች እናት ስለተመረቀው ልጇ ስታወራ «ኮራሁበት» ትላለች። ግሱም አንድ፣ «በ»ውም አንድ። የመጀመሪያዎቹ ናቅሽን ማለታቸው ነው፤ እሷ ደግሞ አንገቴን ቀና አደረገልኝ ማለቷ። «ልጄ ኮራብኝ» ካለችኝማ ከሰሰችው ማለት ነው፣ ምናልባት ከተማ ገብቶ ስልኳን አያነሳም።

ትዕቢት እንዲህ አይገለባበጥም። «በልጄ ታበይኩ» ያለ ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ሁልጊዜም መጥፎ ነው፣ ትህትና የሚገጥመው ለእሱ ነው። ጉራ ደግሞ ከአፍ አያልፍም። ኮራ ጀነን ማለት ላይ አልገባም፣ እሱ የኛ አገር ሴት አረማመድ ነው፣ ሃሃ።

አንድ የገጠር አባት ጋቢ ሊገዙ መጡ፣ ልጃቸውን ሊድሩ ነው። ጥበቡን በጣታቸው እያሹ፣ ገልብጠው እያዩ ቆዩ። ተከራክረን ተስማማን። ከኩታቸው ጫፍ ቋጠሯቸውን ፈትተው ሲቆጥሩ ጎደላቸው። «ይውሰዱት አባባ፣ የቀረውን ሌላ ቅዳሜ ያመጡልኛል» አልኳቸው። ጋቢውን መልሰው አጣጥፈው እጄ ላይ አኖሩት። «ዱቤ ለብሼ ልጄን አልድርም» አሉ። አነጋገራቸው ግን ዝቅ ያለ ነው፤ «እግዜር ይስጥልኝ ልጄ» ብለው፣ እጅ ነስተው ነው የሄዱት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሙሉውን ይዘው መጡ።

እንግዲህ እኚህ ሰው ኩሩ ናቸው። ትሁትም ናቸው። ሁለቱ አንድ ሰው ላይ በአንዴ ከተገኙ ተቃራኒ የሚሆኑት በምን ሒሳብ ነው? ቢታበዩ ኖሮማ «እኔን ነው የምታበድሪኝ!» ብለው ገበያውን በሰበሰቡብኝ።

ደግሞ አንገት መድፋት ሁሉ ትህትና አይደለም። «አንገት ደፊ አገር አጥፊ» ብሎ የተረተው ሰው የሆነ ነገር አይቷል።

ዘደረስጌ፦
እትዬ ባለ ጋቢዋ ላይ ቴዎድሮስን ልጨምር። ጠላቶቹ «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እያሉ ሊያሳፍሩት ሞከሩ። የቋራው ካሣ ግን አላፈረም፤ 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ዘውድ ጫነ። 1860 መቅደላ ላይ ለእንግሊዝ እጁን ከሚሰጥ ሽጉጡን ጠጣ። አገር ይህን ኩራት ይለዋል፣ እኔም እለዋለሁ። ከዚያ በፊት በ1859 ግን ይኸው ሰው ጎንደርን አስዘርፎ አብያተ ክርስቲያናቷን አቃጥሏል። ለዚህኛው ሥራው ኩራት የሚል ስም የሚሰጥ የከተማችን ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። ስለዚህ የቆሎ ተማሪም ጨርሶ አልተሳሳተም፤ ኩራት ድንበሩን ሲያልፍ ትዕቢት ይሆናል።

የቆሎ ተማሪ፦
እሱን ነው ያልኩት እኮ! ሀፍረትን ግን ገና አልተቀበልኩም።

ባለ ጋቢዋ፦
ቆይ፣ ዝም ብለን ነው የምንከራከረው። የአዘዞው፣ ጥያቄው ቃሉን ብቻ ነው የጻፈው ወይስ ዓረፍተ ነገር ነበረው?

የአዘዞው አባት፦
ወረቀቱን አሁን አስመጣሁት። «አልማዝ ወንድሟ ሲመረቅ ኩራት ተሰማት» ይላል። ኩራት የሚለው ተሰምሮበታል።

ባለ ጋቢዋ፦
ታዲያ ይህን ከመጀመሪያው አትነግረንም! «ወንድሟ ሲሰርቅ ተይዞ ሀፍረት ተሰማት» ይባላል። «ወንድሟ ሲሰርቅ ተይዞ ትህትና ተሰማት» የሚል ማን አለ? ልጅቷ ልክ ናት። ሰኞ ወረቀቱን ይዘህ ሂድ፤ ግን መምህሩን ተማሪዎቻቸው ፊት እንዳታናግራቸው፣ ለብቻቸው አድርገህ።