የልጆቹ መክሰስ ጉዳይ፦ ቅዳሜ ይዘነው የምንገባውን ሐሳብ እዚህ እንጨርሰው

ሰብሳቢዋ፦ እንዴት ዋላችሁ። የወላጆች ማኅበራችን ደሴና ኮምቦልቻ ላሉት ትምህርት ቤቶች ሻይ ቤት የሚያቀርበው ሐሳብ ቅዳሜ መድረስ አለበት። እስካሁን የተስማማነው ከ7ኛ እስከ 10ኛ ክፍል ላሉት፣ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ቤት የተሠራ መክሰስ ተራ ገብተን እንደምናዘጋጅ ነው። ምን እንሥራ የሚለው ግን ባዶ ነው። በሉ ጻፉ።

እማማ ከሰኞ ገበያ፦ ይኸ ምን ያስቸግራል፣ ቆሎ ነዋ! ገብሱ፣ ሽምብራው፣ ሱፍ ጣል ተደርጎበት። እኛ ስናድግ ኪሳችን ቆሎ አጥቶ አያውቅም።

የሁለት ጎረምሶች አባት፦ እማማ፣ እርስዎ ልጅ ሳሉ ቺፕስ የለማ። የእኔ ትልቁ ልጅ ቆሎ ቋጥረንለት ሳምንት ሙሉ ቦርሳው ውስጥ ከርሞ፣ ከደብተር ጋር ታሽቶ ተመለሰ። ጠልቶት እንዳይመስላችሁ፣ ቤት ሲሆን እፍኝ በእፍኝ ይጨርሰዋል። ጓደኞቹ ፊት ማውጣት አፍሮ ነው። ስለዚህ ከምግቡ በፊት ይህን እናስብበት። እኔ የምለው ልጆቹ ራሳቸው ይሥሩት፣ ራሳቸው ይሽጡት።

ጤና ጣቢያ የምሠራዋ፦ በዚህ እስማማለሁ። ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ ለስላሳው። የግማሽ ሊትሩ ጠርሙስ 50 ግራም ገደማ ስኳር አለው፣ በሻይ ማንኪያ 12 በሉት፤ የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ በቀን ከ25 ግራም ባይበልጥ ይመረጣል ይላል። ሁለተኛ ሴቶቹ ልጆች የወር አበባ ከጀመሩ በኋላ አይረን (የብረት ማዕድን) በብዛት ያስፈልጋቸዋል። ሽምብራና ባቄላ አላቸው፣ ግን ሰውነት በቀላሉ አይወስደውም። መዘፍዘፍና ማጎንቆል ይረዳል፣ ላዩ ላይ ሎሚ መጭመቅም ይረዳል። ሻይ ግን አብሮ ከተጠጣ መልሶ ያግደዋል፣ ሻይ ቤቱ ይኸን ቢሰማ ደስ ባይለውም።

ገንዘብ ያዥ፦ ታዲያ በሶ በማር በጥብጠን ብንሰጣቸውስ? ማር ጤና ነው።

ጤና ጣቢያ የምሠራዋ፦ ወንድሜ፣ ማርም ከስኳሩ ይቆጠራል 😄 በሶው ይሁን፣ ማሩ ለሽታ ያህል።

የ9ኛ ክፍል ልጅ እናት፦ ልጄን ጠየቅኳት። "ቅመም ያለው ከሆነ እንበላለን" አለችኝ። እኔም ዳቦ ቆሎውን በበርበሬ ለውሼ፣ ዘይት ውስጥ ሳልጠብስ በምጣድ አመስኩት። ጓደኞቿ መጥተው ሳህኑን አጸዱት! ሽምብራውንም ሚጥሚጣና ጨው ነስንሼ ቆላሁት፣ ቺፕስ የሚሹት ለካ ማቃጠሉንና መንኮሻኮሹን ነው። ጨው ግን አታብዙ።

የኮምቦልቻው፦ እኛ ጋ ሙቀት ነው። ደሴ ብርድ ስለሆነ ትኩስ ንፍሮ ይሄድላችኋል፤ እዚህ ጧት የተቀቀለው ከሰዓት ሊበላሽ ይችላል። ለእኛ ደረቁን ጻፉልን፣ ፓፓያ ደግሞ እዚያው ተቆርጦ።

ሰብሳቢዋ፦ እንቁላልስ?

እማማ ከሰኞ ገበያ፦ ተዪው ልጄ። ሁዳዴ ሲገባ ልታወጪው አይደል? ቆሎና በሶ ከሆነ ጾም መጣ አልመጣ ሁሉም ይበላዋል። ረመዳን ሲሆን ደግሞ ግማሾቹ ልጆች ስለሚጾሙ ሥራው ያን ወር ይረፍ፣ ወይም ለማፍጠሪያ በሶ እንቋጥርላቸው።

የሁለት ጎረምሶች አባት፦ ግሩም። ለውዝ የሚገባ ከሆነ የሻገተውን ለቅሞ መጣል ግዴታ ይሁን፣ መቁላት የሻጋታውን መርዝ ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። ይኸም ይጻፍ።

ሰብሳቢዋ፦ እንግዲህ እንዲህ ላስገባው፦ ማክሰኞ በበርበሬ የተለወሰ ዳቦ ቆሎና ሽምብራ፣ ሐሙስ ጎንቆል ባቄላ በሎሚ፣ ከሁለቱም ጋር ማሩ የቀነሰ በሶ። ለኮምቦልቻ የጎንቆሉን ቦታ ፓፓያ ይውሰደው። የሚሠሩት ልጆቹ፣ አጠገባቸው አንድ ወላጅ። የመጀመሪያውን ወር እህል ማኅበሩ ይገዛል። የሚቃወም?

ገንዘብ ያዥ፦ እህሉን እችለዋለሁ። ምጣድ ከየት ነው?

የ9ኛ ክፍል ልጅ እናት፦ የእኔ አለ። መብራት ከጠፋ ግን በእንጨት ነው፣ ጭስ የሚችል ይምጣ።

እማማ ከሰኞ ገበያ፦ አብሽሪ፣ እኔ አለሁ።