«ለቆራሌው ስጡት» ላልከው ሰው

አትክልተኛው (አራት ኪሎ)፦
ትናንት ማታ እዚሁ አንድ ሰው «አንድ ፊልትሮ ለመፍታት ግማሽ ቀን የሚፈጅ ማሽን ለቆራሌው ስጡት፤ የነዳጅ ሞተር ጊዜው አልፎበታል» ብሎ ጻፈ። በጣም ነው የተናደድኩት። አልፈታ ያለ የዘይት ፊልትሮ እንዴት ይፈታል ብዬ የጠየቅሁት እኔ ነኝና እኔው ልመልስ። የምሠራበት ግቢ ሣር የሚያጭድ ትንሽ ትራክተር አለው። እኔ ስቀጠርም አሮጌ ነበር። ሞተሩ ግን ዛሬም በአንድ ቁልፍ ይነሳል። ያስቸገረኝ የዘይት ፊልትሮው፣ የሞተሩን ዘይት የሚያጣራው ቆርቆሮ ብቻ ነው። አምና ሰርቪስ ያደረገው ጋራዥ በመፍቻ ጥርቅም አድርጎ አስሮታል። ሐሙስ ልፈታው ብል ንቅንቅ አልልም አለ። አንድ ልጅ መጣና በካቻቢቴ ወጋው። ካቻቢቴው ዞረ፣ ቆርቆሮው እንደ ወረቀት ተተረተረ፣ ፊልትሮው ግን እዚያው ቀረ። ጥቁሩ ዘይት በክንዴ ወርዶ ክርኔ ደረሰ። ታዲያ ይሄ የማሽኑ ጥፋት ነው? ያጠበቀው ሰው እኮ ነው!

ኤሌክትሪኩ፦
ያልኩት እኔ ነኝ፤ አልሸሽም። የግማሽ ቀን ሥራህ ዋጋ የለውም? የልጁስ? የፈሰሰው ዘይትስ? በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ መንገዱ ወዴት እንደሆነ ግልጽ ነው። ከፒያሳ ካዛንቺስ እስክትደርስ በኤሌክትሪክ የሚሄደውን መኪና ቁጠረው። በባትሪ የሚሠራ ማጨጃ ዘይት የለው፣ ፊልትሮ የለው። ለቆራሌው ስጡት ያልኩት ከልቤ ነው።

ባለሶማሌ ተራ፦
አንተ ቆራሌው የሚወስደው ዕቃ የት የሚሄድ ይመስልሃል? እኛ ጋ፣ ሶማሌ ተራ የመለዋወጫ ገበያ ነው የሚመጣው። እንፈታዋለን፣ እናጥበዋለን፣ የሚሠራውን ከማይሠራው እንለያለን። አንተ ሞቷል ብለህ ከሰጠኸው ሞተር ውስጥ ስንቱን ደህና ዕቃ አውጥቻለሁ። «ለቆራሌው» የሚለውን ቃል እንደ ስድብ አትጠቀምበት። ልጆቼን ያሳደግኩበት ነው።

ኤሌክትሪኩ፦
ሰው አልሰደብኩም። ስለ ማሽኑ ነው ያወራሁት።

ባለሶማሌ ተራ፦
ማሽኑን የጣለ ሰው ማሽኑን የሚጠግነውንም ጥሏል። ለማንኛውም አትክልተኛው፣ ካቻቢቴው አይደለም ጥፋቱ፣ አወጋጉ ነው። ልጁ መሃል ሆዱ ላይ ወግቶት ይሆናል። እዚያ ጋ ቆርቆሮው ስስ ነው፣ ይተረተራል። ወደ ሞተሩ ጠጋ አድርገህ፣ ከጠርዙ አጠገብ ነው የሚወጋው። እኛ እንደዚህ ነው የኖርነው።

መካኒኳ፦
ወንድሜ፣ በዚህ አልስማማም። እዚያ ጠርዝ አጠገብ በጥልቀት ከወጋኸው መሃል ላይ ያለውን ባለ ጥርስ ቱቦ ታገኘዋለህ። ያ ቱቦ ከተጎዳ አዲሱም ፊልትሮ አይገባም፤ ያኔ ነው እውነተኛው ኪሳራ። ካቻቢቴ ሌላው ሁሉ እምቢ ሲል የሚመጣ ነገር ነው። መጀመሪያ ሞተሩን ጥቂት ደቂቃ አስነስቶ ለብ ማድረግ። ከዚያ አጥፍቶ ዘይቱን ማውረድ። ፊልትሮውን በጨርቅ ጥርግ አድርጎ የብርጭቆ ወረቀት ጠቅልሎበት በእጅ መሞከር። ካልሆነ የፊልትሮ መፍቻ። መፍቻ ከሌለ አሮጌ ቺንጋ ወይም የቆዳ ቀበቶ ጠምጥሞ በብረት ማጥበቅና ማዞር። እኔ በቀበቶ ብዙ ጊዜ ፈትቻለሁ።

ባለሶማሌ ተራ፦
የትራክተሩን ሻንሲ አይተሽዋል? ፊልትሮው ብረት ሥር ተደብቋል። ቀበቶ የሚዞርበት ቦታ የለም። ኮሌጅ ጠረጴዛ ላይ ቆሞ መፍታትና መሬት ተኝቶ መፍታት አንድ አይደለም።

መካኒኳ፦
መሬት ተኝቼ ነው የምሠራው። ኮሌጅ መማሬን እንደ ጥፋት አታንሳብኝ። መሬት ተኝተህ ያልከው ግን ጥሩ አስታወሰኝ። በጀርባህ ተኝተህ ከሥር ስታይ አቅጣጫ ይዞርብሃል። ፊልትሮው በአፉ በኩል ሳይሆን በቂጡ በኩል ሲታይ ከሰዓት ቆጣሪ በተቃራኒ ነው የሚፈታው። ስንቱ ሰው ልፍታ ብሎ ሲያጠብቅ እንደሚውል አይቻለሁ። አትክልተኛው፣ ልጁ ወዴት ነበር የሚያዞረው?

አትክልተኛው (አራት ኪሎ)፦
እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ወዲያ፣ ኋላ ወዲህ አዞረው።

ኤሌክትሪኩ፦
ይኸው! አንድ ቆርቆሮ ለመፍታት ይህን ሁሉ ሙያ የሚፈልግ ነገር ለምን እናኑረው?

የድሮ ሹፌር፦
ልጄ፣ ሙያ የሚፈልግ ነገር ሁሉ ይጣል ካልክ ምን ይቀራል? እኔ ከሠላሳ ዓመት በላይ ነድቻለሁ። ዘይቴን ራሴ ነበር የምቀይረው። ፊልትሮ በእጅ ነው የሚታሰር። አፉ ላይ ያለችውን የጎማ ቀለበት በጣት አዲስ ዘይት ትቀባታለህ። በእጅህ ታዞራለህ። ጎማዋ ስትነካ ከዚያ ሦስት አራተኛ ዙር ያህል ትጨምራለህ፣ በቃ። ደረቁን ጎማ በመፍቻ የሚያጠብቅ ሰው ለሚቀጥለው ሰው መከራ ነው የሚያስቀምጠው። የዚህ ልጅ ነገር ከዚያ ነው የመጣው።

መካኒኳ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ይህን ነው ስል የኖርኩት። ጎማዋ በደረቁ ከታሰረች በሙቀት ብረቱ ላይ ትጣበቃለች።

የግንፍሌ ልጅ፦
ሁላችሁም ስለ አፈታቱ ታወራላችሁ። ዘይቱ የት ገባ? አትክልተኛው መልስልኝ። በክንዴ ወረደ ብለሃል፤ ከዚያስ?

አትክልተኛው (አራት ኪሎ)፦
መሬት ላይ የፈሰሰው ጥቂት ነው። አመድ ነስንሼበት ጠርጌዋለሁ። ሌላውን በጀሪካን ይዣለሁ። የትራክተሩ ዘይት ጠቅላላው ሁለት ሊትር ገደማ ነው።

የግንፍሌ ልጅ፦
አንተ ይዘኸዋል፤ ደግ አደረግህ። ብዙው ጋራዥ ግን የት ነው የሚደፋው? እኔ ግንፍሌ ወንዝ ዳር ነው ያደግሁት። ውሃው ላይ የዘይት ቀለም ስናይ የሚያምር ነገር መስሎን እንሯሯጥ ነበር። ግንፍሌ ቀበና ይገባል፣ ቀበና አቃቂ ይገባል። በአቃቂ ውሃ ደግሞ ጎመንና ሰላጣ ይለማል። ያንኑ ጎመን ገዝተን እንበላዋለን። አሁን ወንዝ ዳሩ እየለማ፣ ሣርና አበባ እየተተከለ ነው። ውሃው ላይ ዘይት ከተደፋ ሣሩ ምን ያደርግልናል?

ኤሌክትሪኩ፦
እኔም እኮ የምለው ይህንኑ ነው። ዘይት የሌለው ማሽን ወንዝ አያበላሽም።

ባለሶማሌ ተራ፦
ባትሪውስ ሲያረጅ የት ይሄዳል? ለቆራሌው ልትሰጠው ነው?

ኤሌክትሪኩ፦
ርዕስ አትቀይር።

ባለሶማሌ ተራ፦
ርዕሱ ያንተው ቃል ነው። የተከለከለው አዲስ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት እንጂ ያለውን ሞተር መጠገን አይደለም። እንዲያውም አዲስ ካልገባ ያለው መጠገን አለበት። አሮጌው ይጣል፣ አዲሱን መግዣም የለም፤ ታዲያ ሣሩ በማጭድ ይታጨድ?

አትክልተኛው (አራት ኪሎ)፦
ትክክል! የግቢው ኃላፊ አዲስ ይገዛ ብዬ ብጠይቀው በጀት የለም ነው የሚለኝ። ማጭዱ ለኔ ነው የሚሰጠኝ። «ስጡት» ማለት ከስልክ ላይ ቀላል ነው።

የድሮ ሹፌር፦
አሁን የቀረው ምንድን ነው? የቆርቆሮው ሆድ ተቀዶ ታችኛው ክብ ብረት ብቻ ነው የቀረው?

አትክልተኛው (አራት ኪሎ)፦
አዎ ጋሼ። ዙሪያውን ቀዳዳ ቀዳዳ ያለበት ወፍራም ብረት ብቻ ቀርቷል።

መካኒኳ፦
ጥሩ፣ አሁን ቀለለ። የተቀደደውን ቆርቆሮ በመቀስ ቆርጠህ አንሳ፤ ጓንት አድርግ፣ ይቆርጣል። ከዚያ የብረት መሮ ከቀዳዳዎቹ የአንዱ ጠርዝ ላይ አግድም አስደግፈህ በመዶሻ ቀስ እያደረግህ ወደሚፈታበት አቅጣጫ ምታው። መሃል ያለውን ቱቦ አትንካ። ትንሽ ከተነቃነቀ በእጅህ ይወጣል። ሲወጣ አሮጌዋ ጎማ አብራ መውጣቷን እይ። ብዙ ጊዜ ሞተሩ ላይ ተለጥፋ ትቀራለች። አዲሱን ፊልትሮ በላይዋ ካሰርከው ሁለት ጎማ ይሆናል፣ ዘይቱን ይተፋዋል፣ ሞተሩ ደርቆ ይነክሳል። ያኔ እውነትም ለቆራሌው ነው የሚሆነው።

ባለሶማሌ ተራ፦
በዚህስ ተስማምተናል። በመሮ ያልሽው የኛው መንገድ ነው።

መካኒኳ፦
የናንተ ብቻ አይደለም።

ኤሌክትሪኩ፦
መቀስ፣ ጓንት፣ መሮ፣ መዶሻ። አሁንም ግማሽ ቀን ነው። ሐሳቤን አልቀየርኩም።

የግንፍሌ ልጅ፦
ጀሪካኑን ለማን ልትሰጠው ነው? አልመለስክልኝም።

አትክልተኛው (አራት ኪሎ)፦
ያልመለስኩት ስለማላውቅ ነው። የሚቀበል ሰው የምታውቁ ጻፉልኝ። ሰኞ ጠዋት ከመሮው ጋር እጀምራለሁ፤ ጎማዋ መውጣቷን ፎቶ አንስቼ እለጥፋለሁ።