ለጌታ መሰጠት ማለት ሥራ መልቀቅ ነው?

አስተባባሪ፦ የዛሬው የግሩፓችን ክርክር ከዚሁ ከካዛንቺስ ነው። አንድ ወንድም የባንክ ሥራውን ለቀቀ። «ሙሉ በሙሉ ለጌታ ተሰጥቻለሁ፣ ከእንግዲህ የሙሉ ጊዜ አገልጋይ ነኝ» ይላል። ባለቤቱ አልተስማማችም። ሁለት ልጆችና የቤት ኪራይ አለባቸው። እምነት ነው ወይስ ችኮላ? ስም መጥራት ክልክል ነው።

ወጣት አገልጋይ፦ እምነት ነው! ሉቃስ 14፥33 ያለውን ሁሉ የማይተው ደቀ መዝሙሬ ሊሆን አይችልም ይላል። ከደመወዝ በስተቀር አላለም። ጴጥሮስም መረቡን ሲተው ባለትዳር ነበር።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ እዚያው ምዕራፍ ላይ ትንሽ ከፍ በል። ቁጥር 28 ግንብ የሚሠራ ሰው መጀመሪያ ቁጭ ብሎ ወጪውን ያስላ ይላል። ወንድማችን አስልቷል? አሁን ኪራዩን የምትከፍለው ሚስቱ ናት። ተሰጠሁ ያለው እሱ፣ ከፋይዋ እሷ።

ወጣት አገልጋይ፦ እህቴ፣ ሁሉም በሒሳብ ካለቀ እምነት ምን ሊሠራ ነው?

ጡረተኛው፦ ልጆች፣ ረጋ በሉ። ጳውሎስ ቆሮንቶስ ላይ ድንኳን እየሰፋ ነው የሰበከው፤ ሐዋርያት ሥራ 18 ላይ አለ። በደርግ ጊዜ ብዙ አጥቢያ ተዘግቶ በየቤቱ ስንሰበሰብ ያገለገሉን አስተማሪዎችና ነርሶች ነበሩ። ቀን ሥራ፣ ማታ ጸሎት። ቄስ ጉዲና ቱምሳን ደግሞ አስቡ። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ነበሩ። ከአገር የመውጣት ዕድል ቀርቦላቸው እምቢ አሉ። በ1971 ዓ.ም. ተወስደው ተገደሉ። መሰጠት ካላችሁ እሱ ነው።

ወጣት አገልጋይ፦ ጋሼ፣ ራስዎ መለሱልኝ! ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳም ለዓመታት ታስረዋል። ታዲያ ቤተሰብ ዋጋ አልከፈለም?

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ ያሰራቸው ደርግ ነው፣ ባላቸው አይደሉም። ይሄን ቤት ግን ያስጨነቀው አሳዳጅ የለም። የራሱ የመልቀቂያ ደብዳቤ ነው።

የፒያሳው፦ እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ ጣልቃ ከገባሁ ይቅርታ። 1ኛ ቆሮንቶስ 7፥5 ባልና ሚስት ለጸሎት እንኳ የሚለያዩት ተስማምተው ነው ይላል። ለጸሎት ስምምነት ካስፈለገ ለእንጀራው አያስፈልግም?

ወጣት አገልጋይ፦ እሺ፣ ይሄኛው ይከብዳል። ግን ሁላችንም ቁጥር 28ን ይዘን ቁጭ ካልን ቁጥር 33ን ማን ይኑረው? እዚህ ግሩፕ ውስጥ ያለው ሁሉ ደመወዝተኛ ነው።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ በቀደም የውሸት ደረሰኝ አልፈርምም ብዬ ከአለቃዬ ጋር ተኳርፈናል። ቦነሱም ቀረ። ይሄ «ሁሉ» ከተባለው ውስጥ አይገባም? ወይስ መድረክ ላይ ስላልሆነ ነው?

ጡረተኛው፦ ተባረኪ ልጄ።

አስተባባሪ፦ ይበቃል። ቅዳሜ ከፕሮግራሙ በኋላ ወንድማችንን ከነባለቤቱ እንጋብዛለን። መጀመሪያ የምትናገረው እሷ ናት። እስካሁን ማናችንም አልጠየቅናትም።

ወጣት አገልጋይ፦ እመጣለሁ። ሐሳቤን ግን አልቀየርኩም።